ከፍላሽ ያልወጣ ሥራ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ሚዲያ አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ 28 ተመራቂዎች አሉኝ። ግማሾቹ ‹ሚስ፣ ስኮላርሺፕ እንዴት ነው የሚገኘው?› ይሉኛል። ግማሾቹ ቶሎ ሥራ መያዝ አለባቸው፤ ቤተሰብ ይጠብቃቸዋል። የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ የሚሠሩት ማሽኖች 11 ብቻ ናቸው። የሁሉም ሐሳብ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም ላይ ነው። እኔ ራሴ ማስተርሴን እዚሁ ነው የተማርኩት። ውጭ አገር አመልክቼ አላውቅም፤ በድርጅትም ተቀጥሬ አልሠራሁም። ሁለቱን ቡድኖች እንዴት አድርጌ ላዘጋጃቸው? ሁለት ዓይነት ትምህርት ልስጥ? ሌላም አለ። አንድ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊልኝ አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ‹ራስህ ጽፈህ አምጣና እፈርማለሁ› አልኩት። እዚህ ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ውስጤን ይቆረቁረኛል። መምህርቷ ነኝ።»

እህቴ፣

ሁለት ዓይነት ትምህርት አትስጪ። አንዱንም በቅጡ ለመስጠት ጊዜ የለሽም። ደግነቱ ቀጣሪውም፣ የማስተርስ ተማሪ የሚመርጠውም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ የሠራኸውን አሳየኝ፣ ከዚያ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ። ልጆቻችን የሚደናቀፉት እዚህ ጋ ነው። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ የቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው የመቅጠሩ ሥራ የእኔ ነበር። አንድ ቀን አንድ አዲስ ተመራቂ መጣ። ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። የአራት ደቂቃ ሾውሪል፣ ማለትም የሥራዎቹ ናሙና ቪዲዮ። ድሮን ከላይ፣ ሎጎ ሲሽከረከር፣ ሙሽሮች በስሎው ሞሽን፣ ከሥር የሚያስገመግም ሙዚቃ። መቼም አንቺም አይተሽዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። «ከዚህ ውስጥ የአንተ የትኛው ነው?» አልኩት። «በግሩፕ ነው የሠራነው» አለኝ። «እሺ፣ አንተ ምን ሠራህ?» ዝም አለ።

ላሰናብተው ስል ነው አንድ ነገር ጆሮዬን የያዘው። መሐል ላይ፣ ለስምንት ሰከንድ ያህል፣ አንድ ሸማኔ ይታያል። ምስሉ ተራ ነው። ድምፁ ግን ልዩ ነው። የመወርወሪያው ምት ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። «ይህን ማን ቀዳው?» «እኔ ነኝ» አለ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ። የሦስተኛ ዓመት ፕሮጀክታቸው ነበር፤ ሽሮ ሜዳ ሄደው የሠሩት። ማይኩን ከላይ ሲይዘው የመንገዱ መኪና ጩኸት እየገባ አስቸገረው። ሦስት ቀን ተመላለሰ። በሁለተኛው ቀን ሸማኔው ራሱ «እስቲ እዚህ አድርገው» ብሎ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ አሳየው። ልጁ ማይኩን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ አስቀመጠው። ይህን ሲያወራልኝ ሌላ ሰው ሆነ። እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ዓይኔን ያየኛል።

ቀጠርነው። ሙሉውን ፊልም አምጣ ስንለው ግን የለም። ዋናው ፋይል የነበረው በአንዱ የግሩፕ አባል ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ተቃጥሏል። የአንድ ሴሚስተር ልፋት፣ የቀረው ስምንት ሰከንድ።

በልጁ አልፈርድም። እኛ ስናስተምር እንዲህ ነን። ለስድስት ልጆች አንድ አሳይመንት እንሰጣለን። ሁለቱ ይሠራሉ፣ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ፕሮጀክተር ላይ ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ማርክ ይሰጣል። ከዚያ ፍላሽ ላይ ይቀመጥና ቫይረስ ይበላዋል። በአራት ዓመት ውስጥ ከሃያ በላይ ሥራ የሠራ ልጅ ሲመረቅ በእጁ ምንም የለውም። ከግሬዱ በቀር።

ስለዚህ ከሲኒየር ፕሮጀክቱ ጀምሪ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፎልደር ይዞ ይውጣ። ውስጡ ያለቀ አንድ ሥራ ይኑር። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቢሆን፣ አራት ፖስተር ቢሆን፣ የድምፅ ዶክመንተሪ ቢሆን ግድ የለም። ብቻ ይለቅ። ግማሽ መንገድ ከቀሩ አምስት ሥራዎች ይልቅ ያለቀ አንድ ሥራ ብዙ ይናገራል፤ ማለቅ የሚባለው ነገር ራሱ ሙያ ነው። የፋይሉ ቅጂ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ ዲፓርትመንቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ጉግል ድራይቭ ላይ፣ ልጁ ጋ። ቅጂውን ያላስረከበ ማርክ የለውም በያቸው። ይጠሉሽ ይሆናል። ግድ የለሽም፣ ይለፍልሽ።

ከሥራው አጠገብ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይኑር። ምን ልሠራ አስቤ ነበር? የት ጋ ተበላሸብኝ? ያኔ ምን ወሰንኩ? ከግሩፑ መሐል እኔ በእጄ የሠራሁት የቱን ነው? መጀመሪያ በአማርኛ ወይም አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ አስጽፊያቸው። ቀጥታ በእንግሊዝኛ ከጀመሩ አውቀዋለሁ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሚዲያ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብለው ይጀምሩና እዚያው ፍቅር ላይ ይቀራሉ። በራሳቸው ቋንቋ ሲሆን ግን ስለ ጉድጓዱና ስለ ነጠላው ይጽፋሉ። መተርጎሙ ኋላ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥምሻል። ልጆቹ «እኔ» ማለት አይወዱም። እኛም ስናሳድጋቸው ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለን ነው። «ሠራሁ» ከማለት «ተሠራ» ማለት ይቀላቸዋል፤ «ወሰንኩ» ከማለት «ተወሰነ»። ጨዋነት ነው፣ እወደዋለሁም። የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ግን ልጁን ያጠፋዋል። አንባቢው ልጁ ምን እንዳደረገ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ የማውቀው መላ አንድ ነው። ጽሑፉን ተዪውና በቃል አስተርኪያቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው በስልክ ይቅዳ። ከዚያ የተቀዳውን ይገልብጡት። ቡና ላይ እንደሚያወራው ያወራል ልጁ፤ «እኔ ሄድኩ፣ እኔ ጠየቅሁት፣ እምቢ አለኝ»። ያችን ነው የምንፈልጋት።

አሁን ወደ ሁለቱ መንገዶች ልምጣ። ሥራው አንድ ይሁን እንጂ አነጋገሩ ይለያያል። የሸማኔውን ድምፅ ውሰጂ። ለቀጣሪ የሚነገረው ይህ ነው፦ የመንገድ ጩኸት አስቸገረኝ፣ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ መፍትሔ አገኘሁ፣ በቀኑ አስረከብኩ። ቀጣሪ የሚፈልገው ችግር ሲመጣ የማይደናገጥ፣ ቀን የሚያከብር ሰው ነው። የማስተርስ መራጩን የሚያጓጓው ሌላ ነው። ቦታውን ያሳየው ሸማኔው ነው። ለመሆኑ ያ ድምፅ የማን ነው? የሚቀረጸው ሰው በቀረጻው ላይ ምን ድርሻ አለው? ይህ ሁለት ዓመት ቁጭ ብለው የሚያጠኑት ጥያቄ ነው። ድኅረ ምረቃ ገብቶ ጥያቄ የሌለው ልጅ ካሜራ ብቻ ቀይሮ ነው የሚመለሰው።

ጥያቄውን አንቺ አትስጫቸው። «ከዚህ ሥራ በኋላ አሁንም ያልገባህ ነገር ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልስ ያለው ልጅ የማስተርስ ሰው ነው። «ምንም፣ ሁሉም ገብቶኛል፣ ሌላ ሥራ ስጪኝ» የሚልሽ ደግሞ የሥራ ሰው ነው። እሱን ስኮላርሺፕ ፍለጋ አታንከራትቺው። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው።

ስለ ቀን መቁጠሪያው ደግሞ ግልጽ እንሁን፤ ብዙ ልጆች የሚቃጠሉት እዚህ ነው። ኤግዚት ኤግዛም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉንም ተመራቂ ይይዛል፤ ከመቶ 50 ያላመጣ አይመረቅም። ስለዚህ የመጨረሻው ሴሚስተር ለሌላ ነገር አይሆንም፤ አንቺም አትታገይው። የሲኒየር ፕሮጀክቱን አብዛኛውን ሥራ እስከ ጥር ጨርሺው። የውጭ ማመልከቻዎች ደግሞ በብዛት የሚዘጉት በእኛ መኸርና በጋ ነው። የእንግሊዙ ስኮላርሺፕ ቺቭኒንግ አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ መጨረሻ ግድም ይከፈትና መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይዘጋል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋሉ። ሐምሌ ላይ ተመርቆ መፈለግ የሚጀምር ልጅ የሚሄደው፣ ሁሉም ከተሳካለት፣ በቅርቡ መስከረም ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለው መስከረም ነው። አሥራ አራት ወር። ገና ተማሪ ሳሉ ማመልከት የሚፈቅዱ አሉ፤ ኢራስመስ ሙንዱስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪን ይቀበላል። ግን ለዚያ ሥራው በጥቅምት ዝግጁ መሆን አለበት። ከ28ቱ ስንቱ ይደርሳል?

ስለዚህ ለስኮላርሺፕ ፈላጊዎቹም የምልሽ ሥራ ይያዙ ነው። እንዲያውም ቺቭኒንግ ሁለት ዓመት ግድም የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሰዓት ሲቆጠር 2,800። ሲጨርሱም አገራቸው ተመልሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት አለባቸው። ቦን ላይ ዶይቸ ቬለ አካዳሚ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚሰጠው የዓለም አቀፍ ሚዲያ ጥናት ማስተርስም ልምድ ያለውን ሰው ነው የሚፈልገው። አየሽ፣ የሥራውና የትምህርቱ መንገድ ሁለት ዓመት አብረው ይሄዳሉ። እናቱ ገንዘብ የምትጠብቀው ልጅና ውጭ አገር መማር የሚያልመው ልጅ አሁን የሚያስፈልጋቸው አንድ ነው።

ፕሮግራሞቹን በስማቸው ንገሪያቸው። «ውጭ አገር» የሚባል ትምህርት ቤት የለም። ዶክመንተሪ ለሚወድ ዶክኖማድስ አለ፤ ሊዝበን፣ ቡዳፔስትና ብራስልስ እየተዘዋወሩ የሚማሩት። አኒሜሽን ለሚሠራ ሪአኒማ አለ። ሁለቱም በኢራስመስ ሙንዱስ ሥር ናቸው። ስኮላርሺፑን ያገኘ ልጅ የትምህርቱ ወጪ ተሸፍኖለት በወር 1,400 ዩሮ ያገኛል፣ እስከ 24 ወር። ሁለቱም የሠራኸውን አሳየኝ ይላሉ። ጀርመን ውስጥ ቫይማር ያለው የባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ በሚዲያ ጥበብና ዲዛይን ማስተርስ አለው። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለም። ደቡብ ምዕራብ ያለው የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። «ነጻ ነው» ሲባል የሚዘለለው ነገር የዝግ ሒሳቡ ነው። በ2017 ዓ.ም. ተመን ስኮላርሺፕ የሌለው ልጅ ለቪዛ ብቻ የዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዚህ ሒሳብ ባንክ ማስገባት ይጠበቅበት ነበር፤ መጠኑ በየጊዜው ስለሚከለስ ኤምባሲው ገጽ ላይ ይዩት። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ቁጥር በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። አሜሪካ ኤምኤፍኤ የሚሉት አለ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚወስድ፣ በጥበብ ዘርፍ እንደ መጨረሻ ዲግሪ የሚታይ። ማስተማር ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ ነው። የማመልከቻ ክፍያው ያስደነግጣል፤ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች በትሕትና ተጽፎ ሲጠየቁ ያነሱታል። ልጆቻችን መጠየቅ ይፈራሉ። አስጠይቂያቸው።

አገር ውስጥ ማስተርስ የሚፈልገውንም አትርሺው። ጋት የሚባለው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለበት፤ እሱን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ደላላ ግን አታስጠጊ። «ስኮላርሺፕ እናስገኛለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበል ቢሮ ልጆቹ ራሳቸው በነጻ የሚሞሉትን ፎርም ነው የሚሞላው። የእህቴ ልጅ አንድ ቦታ ከፍላ የተሞላላትን ማመልከቻ ኋላ ስናየው የሌላ ሰው ስም ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር። ኮፒ ሲያደርጉ ረስተውት።

አሥራ አንዱ ኮምፒውተር። አውቃለሁ ያናድዳል። ግን ለሶፍትዌሩ አትጨነቂ። አኒሜሽን የሚሠራበት ብሌንደር ነጻ ነው፤ ቪዲዮ የሚቀናበርበት ዳቪንቺ ሪዞልቭም ነጻ ቅጂ አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ሽልማት የወሰደው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በዚያው በነጻው ብሌንደር ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ንገሪያቸውና ዓይናቸውን እዪው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር እኛ አገር እንደ ውኃ ነው፤ ልጆቹን አልወቅስም። ነገር ግን ውጭ ያለ ደንበኛ ወይም ትምህርት ቤት በምን ሠራኸው ሲላቸው አንገት ከሚያስደፋቸው ከአሁኑ በነጻው ይልመዱ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሠሩት ካለም ይጻፉት፤ የቱን ማሽኑ እንደሠራ፣ የቱን እነሱ። የደበቀ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ በሁለተኛው ጥያቄ ይያዛል። የሚለቁት ሙዚቃም እንዲሁ ነው። የታወቀ ዘፈን ከሥር ያስገባ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ፈቃድህ የታለ ይባላል። ጎረቤታቸው ያለ ክራር መቺ ይጠይቁ፤ ስሙን ከጻፉለት ደስ ይለዋል።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር ደግሞ አለ። የእኛ ልጆች በእጃቸው ያለውን ሀብት አያዩትም። ፊደሉን ማለቴ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ መለያ ውስጥ፣ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስንት ዓመቱ ነው? እስካሁን ግን ለፖስተር ርዕስ የሚሆን፣ ለስልክ መተግበሪያ የሚሆን የአማርኛ ፎንት ስትፈልጊ ምርጫሽ ጥቂት ነው። አንድ ልጅ «ሀ»ን እስከ «ሆ» ለትንሽ ስክሪን እንዲነበቡ አድርጎ ቢሥል፣ የት ጋ እንደተቸገረም ቢጽፍ፣ ያ ሥራ በየትኛውም አገር ጠረጴዛ ላይ ሰው ያስቆማል። ሌላው አመልካች ሁሉ ያቺኑ የቡና ስኒ ሎጎ ነው የሚልከው።

ስለ ፊደል ካነሳሁ አይቀር። የአንዲት አመልካች ፖርትፎሊዮ ከኔ ዘንድ መጥቶ ያውቃል። የአማርኛ ፖስተሮች ናቸው፤ ስትነግረኝ ያምራሉ። ፒዲኤፉን ስከፍተው ሳጥን ሳጥን ብቻ። ፎንቱ አልገባበትም ነበር። አንዱ ገጽ ደግሞ በድሮው፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት ስለተጻፈ የእንግሊዝኛ ፊደላት ዝርግፍግፍ ብለው ተደረደሩ። ልጅቷ ይህን ለስድስት ቦታ ልካዋለች። አንዱም መልስ አልሰጣትም። ስለዚህ ተማሪዎችሽ ሥራቸውን ከመላካቸው በፊት በሌላ ሰው ስልክ ላይ ይክፈቱት። በራሳቸው ሳይሆን በጓደኛ ስልክ። የቪዲዮ ሊንኩንም እንዲሁ፤ «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል የድራይቭ ሊንክ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ስንት አለ መሰለሽ።

ለሥራ ፈላጊዎቹ አንድ የምጨምረው አለ። ከመመረቃቸው በፊት ለሌላ ሰው አንድ ሥራ ይሥሩ። መምህር ማርክ ለሚሰጥበት ሳይሆን «ይህ አልተስማማኝም፣ ቀይረው» ለሚል ሰው። ከተማችሁ ውስጥ ጤና ጣቢያ አለ፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፣ ሆቴል አለ። የክትባት ቀን ፖስተር፣ የማር ማሸጊያ፣ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ። ቀን ይቆረጥ፣ የማሻሻያው ቁጥር ይወሰን፣ በጽሑፍ ይፈራረሙ። ክፍያው ትንሽም ቢሆን ይኑር፤ በነጻ የተሠራ ነገር ላይ ማንም አስተያየት አይሰጥም፤ ወይም ደግሞ ማለቂያ የሌለው አስተያየት ይሰጣል። እንዲህ ሠርቶ የወጣ ልጅ ኢትዮጆብስ ላይ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል የኮሙኒኬሽን ኦፊሰር ማስታወቂያ ሲያይ ሲቪው ላይ የሚጽፈው ነገር አለው። ሰርግ ቀረጻንም አትናቂባቸው። አንድ ሙሉ ቀን ቆሞ፣ የማይደገም ነገር ሳያመልጠው የቀረጸ ካሜራማን ብዙ ያውቃል። ብቻ ሾውሪሉ ሰርግ ብቻ አይሁን።

የወረቀቱ ጉዳይ አሰልቺ ስለሆነ ባጭሩ። ኮስት ሼሪንግ ያልተከፈለበት ዋና ዲግሪ እንደማይሰጥ፣ እስከዚያ ያለችው ቴምፖ፣ ጊዜያዊዋ ማስረጃ፣ ብቻ እንደሆነች አሁኑኑ ይወቁ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ሲጠየቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አንቺ ራስሽ ሄደሽ ጠይቂና ቦርድ ላይ ጻፊላቸው። ፓስፖርትም በጊዜ ያውጡ። የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ስለዚህ በችኮላ ዛሬ ከፍለው አይፈተኑ፤ ማመልከቻው ሲቃረብ ይሁን።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ስለቆረቆረሽ ደስ ብሎኛል። «ራስህ ጽፈህ አምጣ» የሚለው እኔም የተደረገብኝ፣ እኔም ያደረግሁት ነገር ነው። ያኔ ገና ወጣት መምህር ነበርኩ፤ ለሁለት ልጆች ፈረምኩ። ሁለቱም ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነበራቸው፤ አንዱ ከሌላው ገልብጦ። ያመለከቱበት ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ከመጣው ዝምታ የተረዳሁትን ተረድቻለሁ። ልጆቹን አሁንም ባገኛቸው አፍራለሁ።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ደብዳቤ የሚፈልግ ልጅ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይጠይቅሽ። ያችን አንድ ገጹን ይዞ ይምጣ። አንቺ ከዚያ ላይ አንድ ያየሽውን ነገር ብቻ ጻፊ። «ታታሪ፣ ሥነ ሥርዓት ያለው» አይበቃም፤ እንዲህ የማይባል ተማሪ የለም። ማይኩን ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጠበትን ቀን ጻፊ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። እንግሊዝኛሽ ያን ያህል ካልሆነም አትፈሪ፤ ያየ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ደብዳቤውን ከልጁ አይቀበሉም። ስምሽንና ኢሜይልሽን ሲሞላ ሊንክ በቀጥታ ላንቺ ይመጣል። እዚህ ላይ ስንቱ ልጅ ወድቋል መሰለሽ። መምህሩ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ከፍቶ አያውቅም፤ ወይም ሊንኩ ስፓም ውስጥ ገብቶ ቀኑ ያልፋል። የዩኒቨርሲቲሽን ኢሜይል ዛሬ አስከፍቺ። ፓስወርዱ ጠፍቶ ከሆነ አይሲቲ ክፍል ሄደሽ ተጨቃጨቂ። ከጥቅምት እስከ ጥር በየሁለት ቀኑ እዪው።

በደንብ ለማታውቂው ልጅ ምን ልበል ብለሽ እንዳትጨነቂ። «አላውቅህም፣ የሚያውቅህን መምህር ጠይቅ» ማለት ክፋት አይደለም። ለዚያ ለጠየቀሽ ልጅ ግን ጥሪውና አስቀምጪው። የፈረምሽበት ደብዳቤ ካልተላከ ቀይሪለት። ከተላከም ለሚቀጥለው ራስሽ እንደምትጽፊለት ንገሪው።

ጥር ላይ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደግሞ ከ28ቱ የሦስቱን አንድ አንድ ገጽ ላኪልኝ፤ አነባቸዋለሁ። በአማርኛ ይሁን። ፒዲኤፍ ከሆነም ፎንቱ ይግባበት።